«መረጃ» ስንል የትኛው መረጃ? የኢንተርኔት ፖሊሲ ቃላትን በአማርኛ ለማብራራት የሄድኩበት መንገድ

ሥራውን የጀመርኩት ከተሳሳተው ጫፍ ነበር። ኤክሴል ከፍቼ በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ አቻውን እያስቀመጥኩ 120 ያህል ቃላት ደረደርኩ። መዝገበ ቃላት መሰለ እንጂ ማብራሪያ አልሆነም። «የኔትወርክ ገለልተኝነት» የሚለውን ያነበበ ሰው ገለልተኛ የምርጫ ታዛቢ ትዝ ይለዋል፤ ሜታዳታን «ስለ ዳታ የሚናገር ዳታ» ብሎ ለቀረበለት አንባቢ ደግሞ ምንም ትዝ አይለውም። ቃሉ ተተርጉሟል፣ ነገሩ ግን ገና አልተነገረም።

ሠንጠረዡን አፍርሼ 40 ቃላት ብቻ አስቀረሁና ዓምዶቹን ሰባት አደረግኳቸው። መጀመሪያ ድርጊቱ፦ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ይህን እንዲያደርግ ሥልጣን የሚሰጠው ወይም የሚያስገድደው ሰነድ፦ አዋጅ ነው (ፓርላማ ያወጣው)፣ ደንብ ነው (የሚኒስትሮች ምክር ቤት)፣ መመሪያ ነው (መሥሪያ ቤቱ ራሱ) ወይስ አንድ ኩባንያ ለደንበኞቹ የጻፈው «ፖሊሲ»? ሦስተኛ፣ አንባቢው ስልኩ ላይ የሚያየው ምልክት። አራተኛ፣ ከምን ጋር ይምታታል። ቃሉ የሚመጣው አምስተኛ ላይ ነው። ስድስተኛው ሰዎች ሲፈልጉት የሚጽፉባቸው ሌሎች አጻጻፎች፣ ሰባተኛው ያጣራሁበት ቀን። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓምዶች ሳይሞሉ ቃል መምረጥ ሳይለኩ ልብስ እንደመግዛት ነበር የሚሆንብኝ፤ ሁሌም ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የበላው «መረጃ» ነው። ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ስንል መረጃው የስለላ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ ዜጋው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማግኘት ያለበት ነው። በጥላቻ ንግግር አዋጁ በቁጥር 1185/2012 «ሐሰተኛ መረጃ» ሲባል ደግሞ አንድ ሰው የተናገረው ወይም የለጠፈው ነገር ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በስሙ ላይ «ኢንፎርሜሽን»ን ይዟል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 «ዳታ»ን። «መረጃዬ ወጣ» የሚል ሰው ስሙና የልደት ቀኑ የተመዘገበበት ፋይል ተሰረቀ ማለቱ ይሁን ምስጢሩን ሰው ሰማ ማለቱ ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ አይለይም።

የወሰድኩት ውሳኔ ይህ ነው፦ ተመዝግቦ የሚቀመጥና ማሽን የሚሠራበት ከሆነ «ዳታ»፣ ሰው ለሰው የሚያደርሰው ትርጉም ያለው ነገር ከሆነ «መረጃ»፣ የስለላው ከሆነ ሁልጊዜ «የደኅንነት መረጃ»። ይህም ቢሆን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በእኛ አገር «ዳታ» ማለት የሞባይል ኢንተርኔት ነው፤ «ዳታ አብራ»፣ «ዳታዬ አለቀ» እንላለን። «የግል ዳታ ጥበቃ» የሚለውን ሰምቶ የገዛው ጥቅል እንዳይባክንበት የወጣ ሕግ የመሰለው አንባቢ ሊገርመን አይገባም። መድኃኒቱ ቃሉን መቀየር አይደለም፤ «የግል ዳታ» በተጻፈ ቁጥር በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ምሳሌ ማስገባት ነው፦ የስልክ ቁጥር፣ ለፋይዳ የተሰጠ አሻራ። ምሳሌው ከሌለ ካርዱን፣ ማለትም ለአንዱ ቃል የተጻፈውን ማብራሪያ፣ አላሳልፍም።

ስለ ነጋሪት ጋዜጣ ሳልናገር ባልፍ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተወሰነ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝኛውን ዓምድ አንብቤ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር፤ ማለትም የሚጸናውን ትቼ የማይጸናውን እተረጉም ነበር። አሁን የአዋጁን ስምና የትርጓሜ አንቀጹን እንዳለ ከአማርኛው እወስዳለሁ፣ ማብራሪያውን ግን በራሴ ቃል እጽፋለሁ። የአዋጅ አማርኛ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ካልተነበበ አይገባም።

የዓመተ ምሕረቱም ወጥመድ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በአማርኛው 958/2008፣ በእንግሊዝኛው 958/2016 ነው፤ አንድ ሕግ ነው። «2016» የሚለውን ብቻ ያየ ሰው በ2016 ከወጣው የግል ዳታ አዋጅ ጋር የአንድ ዓመት ልጆች ያደርጋቸዋል፤ በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት አለ። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው ከእዝባሩ በፊት ያለውን ቁጥር ነው፣ እሱ አይቀየርም። የእንግሊዝኛውን ዓመት ለፈላጊ እንዲመች ስድስተኛው ዓምድ ላይ ብቻ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ወደ «ኢንተርኔት ተዘጋ»። ይህ አንድ ሐረግ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል፤ እነሱን መለየት የቻልኩት በትርጉም ሳይሆን ስልክ ላይ በሚታየው ምልክት ነው። ሁሉም ከጠፋ፣ ዋይፋዩም ሞባይሉም ማለት ነው፣ ሙሉ መቋረጥ ነው። ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት እየሠራ፣ የቤት ዋይፋይም እየሠራ የሲም ካርዱ ኢንተርኔት ብቻ ከጠፋ የሞባይል ዳታ መቋረጥ ነው። ሌላው ሁሉ ተከፍቶ አንድ መተግበሪያ ብቻ እምቢ ካለና በቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል አዙሮ በሚያሳልፍ መተግበሪያ) ከተከፈተ የመተግበሪያ እገዳ ነው። ጽሑፍ እየገባ ፎቶና ቪዲዮ ሲሽከረከር ከዋለ ሆን ተብሎ የተደረገ ማዘግየት ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኔትወርክ ሲጨናነቅም ያንኑ ያደርጋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ሰው በዝቶ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ አንድ አገልግሎት ብቻ እየዘገየ ሌላው ከፈጠነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቪፒኤንም ቢሆን የሚያስረዳው በአንድ በኩል ነው፦ በቪፒኤን ከሠራ እገዳ ነበረ ማለት ይቻላል፣ ካልሠራ ግን ቪፒኤኑ ራሱ ታግዶ ይሆናል፤ ምንም አልተረጋገጠም።

ለምሳሌነት ሁለት ጊዜዎችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኩ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የነበረው መቋረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሲሆን ቪፒኤን ያለውም የሌለውም እኩል ነበር፤ የሚያልፍበት መስመር አልነበረምና። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ የተጣለው ግን እገዳ ነበር፤ ኢንተርኔቱ አለ፣ ቪፒኤን የጫነ ይገባ ነበር። ሁለቱንም «ኢንተርኔት ተዘጋ» ብሎ የዘገበ ሁሉ አንባቢውን በድሎታል ባይ ነኝ።

«ምስጠራ»ን፣ ማለትም መልእክትን ቁልፍ የሌለው ሰው እንዳያነበው አድርጎ መለወጥን፣ ያብራራሁት ቁልፉ ማን እጅ እንደሆነ በመጠየቅ ነው። በዋትስአፕ መልእክቱን የሚከፍተው ቁልፍ ያለው በላኪና በተቀባይ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። በቴሌግራም ተራ ውይይት ላይ መልእክቱ መንገድ ላይ ይመሰጠራል፣ ነገር ግን ሰርቨሩ ላይ ሲያርፍ ቁልፉ ድርጅቱም ጋ አለ። በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚከፈተው «ሚስጥራዊ ውይይት» ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፤ ለግሩፕና ለቻናል ይህ የለም። የዕድሩም የሰፈሩም የቢሮውም ጉዳይ በቴሌግራም ግሩፕ በሚያልቅበት አገር ይህን ካርድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ዋትስአፕ ላይም ቢሆን ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ) የሚቀመጠው ቅጂ ለብቻው ካልተመሰጠረ ከዚህ ጥበቃ ውጪ ነው። ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደላከም በምስጠራው አይሸፈንም። ሜታዳታ ማለት ይኼው ነው፦ ደብዳቤው ሳይቀደድ ከፖስታው ላይ የሚነበበው።

«ሐሰተኛ መረጃ» ላይ የተለመደው ስሕተት ውሸት የሆነ ሁሉ ወንጀል ነው ብሎ ማሰብ ነው። አዋጅ 1185/2012 ሦስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል፦ ነገሩ ሐሰት መሆኑ፣ አሰራጩ ሐሰት መሆኑን ማወቁ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ መሆኑ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ። ሳያውቅ፣ ማወቅም ሳይጠበቅበት ያጋራ ሰው የሠራውን «የተሳሳተ መረጃ» ብዬ ለይቼዋለሁ። በዚያው አዋጅ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ የቋንቋችን አንድ ልማድ አስቸገረኝ። «ፖስቱ ተነሳ»፣ «ገጹ ታገደ»፣ «አካውንቱ ተዘጋ» እንላለን፤ አድራጊው የለም። በፖሊሲ ጽሑፍ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ አድራጊው ነው። ኩባንያው በራሱ ደንብ አነሳው? መንግሥት አዝዞ ኩባንያው አነሳው? ወይስ ቴሌው መስመሩ ላይ አገደው? የመጀመሪያው ከሆነ ይግባኝ የሚባለው በመተግበሪያው ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ከሆነ ለኩባንያው መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። ረቂቄን ጨርሼ «ተ» የያዙ ግሦችን ሁሉ በቀይ ቀለም አሰምርና አንድ በአንድ ባለቤት እፈልግላቸዋለሁ። ባለቤት ያልተገኘለት ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ እኔም ያልገባኝ ነው።

ሙከራውን በድምፅ ነው ያደረግኩት። ማብራሪያውን ለአምስት ሰው በድምፅ መልእክት ልኬ በራሳቸው አባባል መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኩ። «ገብቶሃል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ በይሉኝታ ሁሉም «አዎ» ይላል። ከአምስቱ ሁለቱ አድራጊውን ካሳሳቱ ካርዱ ይመለሳል። ለአውሮፓ አንባቢዎች የጻፍኩት የጂዲፒአር (የአውሮፓ ኅብረት የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ) ካርድ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ ሁሉም 72 ሰዓትን ለሰው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አደረጉት። 72 ሰዓት ድርጅቱ የዳታ መውጣትን ለተቆጣጣሪው የሚያሳውቅበት ነው። «ስለ እኔ የያዛችሁትን አሳዩኝ» ብሎ ለጠየቀ ግለሰብ መልስ የሚሰጥበት አንድ ወር ነው። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ማስቀመጤ ነበር ችግሩ፤ ስለያያቸው አለፈ።

ኩኪን ኩኪ ብዬ ተውኩት፣ አልጎሪዝምንም እንዲሁ። «ብስኩት» ያለ ሰው አጋጥሞኛል፤ ማንም አልተጠቀመም።

ፍለጋ ላይ «ሐሰተኛ» እና «ሀሰተኛ»፣ «ደኅንነት» እና «ደህንነት» ለማሽን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሲነበብ የሚታየውን አጻጻፍ እንደመረጥኩት ትቼ፣ ለፍለጋ ብቻ በተደበቀ ዓምድ ሐ፣ ኀ እና ኸን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነሰባት ሆሄያቸው መለስኩ። አንባቢው የሚጽፈውም በዚያው መንገድ ተቀይሮ ይፈለጋል። ይህን ከማድረጌ በፊት «ሃሰተኛ» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ ገጽ ነበር የሚያገኘው። ለዚህም ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ሓን ለብቻቸው ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል፤ በድምፅ አንድ ናቸውና።

የተጣራበትን ቀን የያዘው ሰባተኛው ዓምድ መጀመሪያ ላይ ትርፍ መስሎኝ ነበር። የኔትወርክ ገለልተኝነት ካርድ ላይ የአሜሪካን ሕግ ምሳሌ አድርጌ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ተደነገገ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ፍርድ ቤት ጣለው። እንዲህ ስለሚለዋወጥ ምሳሌውን አወጣሁት፤ አሁን በካርዱ ላይ የቀረው እንዲህ የሚል ብቻ ነው፦ «100 ሜጋባይት ገዝተሃል። መስመሩን የሸጠልህ ድርጅት ያንን 100 ሜጋባይት ለየትኛው መተግበሪያ እንደምታውለው አይቶ አንዱን ሊያፈጥን፣ ሌላውን ሊያዘገይ ወይም አንዱን በነፃ ሊያደርግ ይችላል? አይችልም የሚል ደንብ ካለ የኔትወርክ ገለልተኝነት አለ።»