ሰርግ ይቀራል፣ ሕግ ይሻራል፦ «ካንስል» ብቻውን የማይሸከማቸው

የእንግሊዝኛው «ካንስል» የላቲን ሥር ፍርግርግ ማለት ነው። ጸሐፊዎች የማይፈለግ ጽሑፍ ላይ እንደ ፍርግርግ የተጠላለፈ መስመር ያሰምሩበት ስለነበር ቃሉ ከዚያ መጣ። የእኛም «ሰረዘ» ከ«ሰረዝ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ታዲያ አልተሳሳተም። የምንሳሳተው እኛ ነን፤ በአማርኛ ስናወራ ለሁሉም ነገር «ተሰረዘ» እንደማንል እንረሳለን። ሰርግ ይቀራል፣ እጮኝነት ይፈርሳል፣ ዕቅድ ይከሽፋል፣ ሕግ ይሻራል፣ ጨዋታ ይቋረጣል። እንግሊዝኛም ለእያንዳንዳቸው የራሱ ግስ አለው። ከ«ሰረዘ» ሳይሆን ከእነዚህ የተነሣ ሰው ብዙም አይሳሳትም።

«ቀረ»ን እንያዝ። ስብሰባን፣ ሰርግን፣ አድማን ወይም ግጥሚያን ማስቀረት «ኮል ኦፍ» ነው። ይህን የሚያደርገው የማስቀረት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። እናንተ ብቻ ለማትገኙበት ስብሰባ «አይ ሃቭ ቱ ኮል ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሌሎቹም ስብሰባው የቀረ መስሏቸው ይበተናሉ። ልትሉት የፈለጋችሁት «አይ ካንት ሜክ ኢት»፣ ማለትም «መገኘት አልችልም» ነበር። (በአንዳንድ የአሜሪካ አካባቢዎች «ኮል ኦፍ» ደውሎ «ዛሬ ሥራ አልገባም» ማለትም ነው፤ ይህ ግን ከእዚህኛው ጋር አይገናኝም።)

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቃላቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ሙሉ ስም ሲሆን «ኮል ኦፍ ዘ ዌዲንግ»ም «ኮል ዘ ዌዲንግ ኦፍ»ም ያስኬዳል። ተውላጠ ስም ሲገባ ግን ቦታው መሐል ብቻ ነው፤ «ኮል ኢት ኦፍ» ይባላል፣ «ኮል ኦፍ ኢት» ፈጽሞ አይባልም። ስሙ ረዝሞ «ባለፈው ሳምንት የተነጋገርንበት ስብሰባ» የሚያህል ሲሆን ደግሞ ሁለቱን ቃላት አትለያዩዋቸው፤ «ኦፍ» መጨረሻ ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ ሲቀር አንባቢው የዓረፍተ ነገሩ ፍሬ ይጠፋበታል።

ሌላም ጠባይ አለው። የተጀመረን ነገር ማስቆምም «ኮል ኦፍ» ነው። የጠፋ ሰው ፍለጋ ሲቆም፣ የተለቀቀ ውሻ ተጠርቶ ሲመለስ፣ ቀናት ያስቆጠረ አድማ ሲነሣ የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚህ ቦታ «ካንስል» ጆሮ ይቆረቁራል። በተቃራኒው በረራ፣ የዕቃ ትእዛዝ፣ የሆቴል ክፍልና ወርኃዊ ደንበኝነት «ካንስል» ይደረጋሉ እንጂ «ኮል ኦፍ» አይደረጉም። በወረቀት ወይም በመዝገብ የተያዘ ነገር የ«ካንስል» ነው ብሎ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል።

የቀረና የተላለፈ ነገር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1916፣ የ1940 እና የ1944 የበጋ ኦሊምፒኮች በጦርነት ምክንያት ጨርሶ ስላልተካሄዱ «ካንስልድ» ናቸው። የቶኪዮ 2020 ግን በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2021 ተላልፎ ስለተካሄደ «ፖስትፖንድ» ነው። በወዳጅ ንግግር «ፑት ኦፍ» ይቀናል፣ ተውላጠ ስምንም እንደ «ኮል ኦፍ» መሐል ያስገባል። ነገር ግን «ኢት ፑት ሚ ኦፍ» ካላችሁ ነገሩ አስጠላኝ፣ ፍላጎቴን ዘጋው ማለታችሁ ነው፤ ስለ ቀጠሮ እያወራችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ። ኳስ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አለ፤ ተጀምሮ መሐል ላይ የተቋረጠ ግጥሚያ «አባንደንድ» ይባላል። ብሪታንያውያን በዝናብ የተነሣ ያልተካሄደውን ወይም የተቋረጠውን «ሬይንድ ኦፍ»፣ አሜሪካውያን «ሬይንድ አውት» ይላሉ።

«ከሸፈ» «ፎል ስሩ» ነው። ማንም ወስኖ አላስቀረውም፤ ሳይሆን ቀረ። ስምምነት፣ የቤት ግዢ፣ የጉዞ ዕቅድ «ፌል ስሩ» ይባላል። «ዋዝ ፎለን ስሩ» የሚል ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ስህተት ነው፣ ግሱ ተደራጊ የለውም። አማርኛው ራሱ ይመሰክራል፤ «ስምምነቱ ከሸፈ» እንጂ «ተከሸፈ» የሚል የለም። አንድ ሰው ቃል ገብቶ ወደኋላ ካለ ግን ባለቤቱ ዕቅዱ ሳይሆን ሰውየው ነው፤ «ሂ ባክት አውት» ይባላል፣ ከምን እንደሆነ ለመጨመር «ኦፍ» ይከተለዋል። ቡድን ከውድድር፣ ድርጅት ከገበያ ሲወጣ «ፑል አውት» ይሻላል።

«ፈረሰ» ላይ አንድ ቀጭን ልዩነት አለ። እጮኝነትና ድርድር ሲፈርሱ «ብሬክ ኦፍ» ነው፣ ሰርጉ ሲቀር «ኮል ኦፍ»። ጥንዶች እጮኝነታቸውን «ብሬክ ኦፍ» ካደረጉ ሰርጉ «ኮልድ ኦፍ» ይሆናል።

«ተሻረ» ብዙ ልጆች አሉት። ሕግ «ሪፒል» ይደረጋል፤ አሜሪካ በ18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የከለከለችውን መጠጥ እ.ኤ.አ. በ1933 በ21ኛው ማሻሻያ ስትፈቅድ 18ኛውን «ሪፒል» አደረገችው። ፈቃድ «ሪቮክ»፣ የተላለፈ ውሳኔ ወይም የተሰጠ የሥራ ግብዣ «ሪሲንድ»፣ ጋብቻ ደግሞ «አነል» ይደረጋል። «አነል» ፍቺ አይደለም፤ ጋብቻው ከመነሻውም ሕጋዊ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የሮኬት ሰዎች የራሳቸው አላቸው። በአየር ጠባይ ወይም በብልሽት ለዕለቱ የቀረ ማስወንጨፍ «ስክራብድ» ነው፤ በማግስቱ ሊሞከር ይችላል። ጉዞ ከተጀመረ በኋላ ዓላማውን ትቶ መመለስ «አቦርት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አፖሎ 13 የኦክስጅን ታንኩ ሲፈነዳበት የጨረቃ ማረፉን ትቶ የተመለሰው እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ ራሱ ሲጣል «ስክራፕ» ይባላል።

«ካንስል አውት» እዚህ ዘመድ መስሎ የገባ ነው፤ ማቻቻል ማለት ነው። ትርፍና ኪሳራ ሲቻቻሉ ይባላል እንጂ ስብሰባን «ካንስል አውት» የሚያደርግ የለም። አጻጻፉን በተመለከተ አሜሪካውያን «ካንስልድ»ን በአንድ «ኤል»፣ ብሪታንያውያን በሁለት ይጽፋሉ፤ «ካንስሌሽን» ግን በሁለቱም ዘንድ ሁለት «ኤል» ነው።