ዝም ማለት ያቃተው ማጉያ

ሐሙስ ማታ። አራት ቀን ሙሉ ያደከመኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጻፈው።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቦርድ የኬብል ሞደም (ቤትን በኬብል ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) ወደ አገልግሎት ሰጪው ማዕከል የሚልከውን ሲግናል አጉልቶ ኮአክሲያል ኬብሉ ላይ የሚጭን ነው። ማጉያው የሚታዘዘው በቁጥር ነው። ስምንት ቢት በሦስት ሽቦ ይላክለታል፤ እሱም በታዘዘው ልክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አንዱ እርምጃ 0.75 ዴሲቤል (የማጉላት ልክ መለኪያ) ነው፤ ቮልቴጁን በ9 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ከታች እስከ ላይ ያለው ስፋት ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል፤ በቮልቴጅ ሲቆጠር 1 ሺህ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ስፋት ያስፈለገው ቤቶች ከማዕከሉ ያላቸው ርቀት ስለሚለያይ ነው። የቅርቡም የሩቁም ሲግናል ማዕከሉ ዘንድ በእኩል መጠን መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ማዕከሉ ለእያንዳንዱ ሞደም «ጨምር»፣ «ቀንስ» እያለ ትእዛዝ ይሰጣል። እኔም ይህን ሥራ ስጀምር ያሳሰበኝ ማጉላቱ ብቻ ነበር።

ከባዱ ግን ዝም ማለቱ ነው። በአንድ ኬብል ላይ ብዙ ሞደሞች በተራ ይናገራሉ። ተራው ያልሆነ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ጫጫታ ቢለቅ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ እንደ ክረምት ጅረት ማዕከሉ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ማጉያው ተራው ሲያበቃ መጠኑን ዝቅ ማድረጉ አይበቃውም፣ ጨርሶ መጥፋት አለበት። ጠፍቶም ቢሆን ከኬብሉ ጋር በሚስማማው ልክ፣ 75 ኦም ሆኖ፣ ለኬብሉ መታየቱን መቀጠል ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ወደ እሱ የሚመጣው ሞገድ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ተኝቶም በሩን የሚጠብቅ ዘበኛ ይመስለኛል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይህን ዕቃ ለነደፉት ሰዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

የእኔው ግን በጠፋ ቁጥር ኬብሉ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ምት ይተው ነበር። ሰኞ የሲግናልን ቅርጽ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፕ፣ እንዳየሁት ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ጣልሁ፤ የማጥፊያውን ትእዛዝ አዘገየሁ፣ አፈጠንሁ። ምቱም አብሮ ዘገየ፣ አብሮ ፈጠነ እንጂ አልቀነሰም። ከዚያ የኃይል መስመሩን ካፓሲተሮች ቀየርሁ። ማክሰኞ ደግሞ ኬብሉን ጠረጠርሁ። በ10 ሜትር ኬብል ላይ አጭር ምት ላክሁና መጨረሻውን ክፍት አድርጌ አየሁት፤ ከ100 ናኖሰከንድ በኋላ ተመልሶ መጣ። መጨረሻው ላይ 75 ኦም ሬዚስተር ስገጥም ተመላሹ ምት ጠፋ። ኬብሉ ንጹሕ ነው።

ትናንት በሙያው ረጅም ዘመን የቆዩት ባልደረባዬ አጠገቤ ቆመው ጥቂት ተመለከቱና «ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ለክተኸዋል?» አሉኝ። የተላከው ሲግናል ድግግሞሽ እጥፍ ላይ የሚወጣውን ያልተፈለገ ሲግናል ማለታቸው ነው። ለክቼዋለሁ። ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ አሳየኋቸው፤ 10 ሜጋኸርዝ በምልክበት ጊዜ 20 ሜጋኸርዝ ላይ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚወጣ ሰኞ ጠዋት በእጄ ጽፌአለሁ። ጽፌው አለፍሁት። ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ መልሱ ለሦስት ቀን ደብተሬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጉያው የሚሠራው በሁለት ክንድ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሁለቱን ደግሞ መውጫው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ያገናኛቸዋል። በሁለቱም ክንዶች ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ነገር ሁሉ እዚያው ይጣፋል። ሁለተኛው ሃርሞኒክ እንዲህ ይጠፋል፤ ማጉያው ሲዘጋ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት ለውጥም እንዲሁ። መጣፋቱ ግን ክንዶቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። አንዱ ከደከመ ሁለቱም ጥፋቶች አብረው ይወጣሉ።

ዛሬ ጠዋት ትራንስፎርመሩን በማጉያ መነጽር አየሁት። ከእግሮቹ አንዱ ላይ ያለው ብየዳ እንደ ሌሎቹ አያበራም፤ ግራጫ ነው፤ ዙሪያውንም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ቀለበት ሠርቶበታል። ካውያውን አሙቄ ነካሁት። ቆርቆሮው ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ በአንዴ ፈስሶ እግሩን አቀፈው፤ ሲበርድም አበራ። ቦርዱን መልሼ ስከፍተው 20 ሜጋኸርዝ ላይ የነበረው ከፍታ ወርዷል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወደ ማጥፊያው ቅጽበት ዞርሁ፤ መርፌው የነበረበት ቦታ ላይ የቀረችው በጭንቅ የምትታይ እብጠት ናት።

ይህን ያየሁት ግን በአንድ የማጉላት ቁጥር ላይ ብቻ ነው። የምቱ መጠን ከማጉላቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ነገ ከዝቅተኛው ቁጥር ተነሥቼ እስከ ከፍተኛው እያንዳንዷን እርምጃ እለካለሁ። ደብተሩ ተከፍቶ፣ ሰንጠረዡም ተሰምሮ ጠረጴዛው ላይ ነው።