የአትሮንስ ቀረጻ ስድስተኛ ወር፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ለምን እንደተውኩ

ነሐሴ ላይ የጀመርኩት የዋንዛ አትሮንስ (ተከፍቶ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ማንበቢያ) አለቀ። ከአንድ ወፍራም ሳንቃ ነው ያወጣሁት፤ ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ እንደ እጅ ጣት ይጠላለፋሉ። ጣቶቹን በመሮ ማላቀቁ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በክረምት አልከፈት ብሎ ያስቸገረኝ መጋጠሚያ አሁን በጥር ይወዛወዛል። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ባሕር ዳር ሆናችሁ የምትቀርጹ፣ ክረምት ላይ የለካችሁትን አትመኑት።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አምና የአያቴን አሮጌ አትሮንስ ላድሰው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ቀባሁት። አማረ። የጧፉ ሰም፣ አያቴ ዳዊት ሲደግሙ አውራ ጣታቸው ያለሰለሰው ቦታ፣ ጠርዙ ላይ የነበሩት ጭረቶች ሁሉ አብረው ሄዱ። ጭረት ይሁኑ ፊደል ዳግመኛ ማወቅ አልችልም።

በላስታ አብያተ ክርስቲያናት የንጉሥ ላሊበላ ስም በግእዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መናብርተ ታቦት (ታቦት የሚቀመጥባቸው መንበሮች) እንዳሉ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት መቶ ዓመት የቆየ ጽሑፍ! አንድ ቅን ሰው እንደኔ "ላሳምረው" ብሎ ቢፈገፍገው ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። መንበሩ መቅደስ ውስጥ ስለሆነ ለምእመን አይታይም። ሰው ሁሉ ሥዕሉን ሲያይ እኔ የመቅደሱን በር ሳንቃ ጠርዝ ሳይ ቆየሁ። የእጅ ባትሪ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሲበራ የመሣሪያው ዱካ ጥላ ይጥላል፤ ቤታችሁ ባለ አሮጌ ዕቃ ላይ ሞክሩት። (አባን አስፈቅጄ ነው ያበራሁት።)

የአያቴ አትሮንስ እግር ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ነቀዙ ዛሬም አለ ማለት አይደለም፤ ነፍሳቱ ድሮ ወጥተው ሄደው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አራግፌ ነጭ ወረቀት ላይ አቆምኩት፣ ቀኑንም ጻፍኩበት። በሦስተኛው ሳምንት ከግራ እግሩ ሥር የጤፍ ዱቄት የመሰለ ብናኝ አገኘሁ። አሁን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሌሎቹ እንጨቶች ለይቼዋለሁ። ላምባ ቀባው ያሉኝ አሉ፤ አልቀባም፣ ቫርኒሹ ይበቃኛል።

ቫርኒሽ ከአሮጌ ዋንዛ ላይ እንጨቱን ሳይነካ ያነሣ ሰው ካለ፣ በምን እንዳነሣው ይጻፍልኝ።