መጀመሪያ ፀጉሩን አሳዩኝ

አዲስ ጌም ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥቁሩ ገጸ ባሕርይ ፀጉር ነው። ቆዳ ማጥቆር ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት የቀለም ማስተካከያ ወደ ቀኝ ከተገፋች አለቀ። ፀጉሩ ግን ሠሪው እኛን የመሰለ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ማየት አለማየቱን ያሳብቃል።

እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሹሩባ ትሠራለች። ወንድሜ ሆጤ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። እኔ ቀን ቀን ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የባነርና የሠርግ ካርድ ዲዛይን እሠራለሁ፤ ማታ መብራት ካለ ብሌንደር የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍቼ የሰው ፊትና ፀጉር በስሪዲ (ከየአቅጣጫው በሚታይ ምስል) እሞክራለሁ። ስለዚህ ነገሩ ቤቴ ድረስ የሚመጣ ነው።

ወንድሜ ቤት የሚሰበሰቡት ልጆች አብዛኞቹ የኳስ ጌም ነው የሚጫወቱት። አንዱ፣ ስድስተኛ ክፍል ይሆናል፣ ራሱን ተጫዋች አድርጎ መሥራት ይወዳል። ባለፈው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ስሙን ጻፈ፣ ቁመቱን ከራሱ ትንሽ አስረዘመ፣ ማልያው ላይ 10 ቁጥርን ሰጠ። የቆዳውን ቀለም ወዲያው አገኘ። ፀጉር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። የተላጨ አለ፤ ድቡልቡል አፍሮ አለ፤ ጎንና ጎኑ ተላጭቶ አናቱ ላይ የተደፋ ድሬድ አለ። የቀረው ሁሉ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ግንባር ላይ የሚወድቅ፣ ንፋስ የሚያወዛውዘው ፀጉር ነው። የልጁ ፀጉር ደግሞ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከፊት ትንሽ ከፍ ብሎ ጠርዙ በምላጭ የተስተካከለ ነው፤ ደሴ ውስጥ ስንቱ ወንድ ልጅ የሚቆረጠው ቁርጥ። ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደበት፣ መልሶ ወጣበት፤ በመጨረሻ ላጨውና «እኔን አይመስልም» ብሎ ጨዋታውን ጀመረ።

ወንድሜ «ኳስ እኮ ነው፣ ማን ፀጉር ያያል» ይለኛል። ልጁ አይቷል።

ማሽኑ አይችልም የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፕሌይስቴሽን 2 የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን የማያውቅ የእኔ ዘመን ልጅ የለም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ ፀጉር ቤት ገብቶ አፍሮ ያስደርጋል፣ ሹሩባ ይሠራል፣ ጎኑን ይከረከማል። ዛሬ ካለው ኮንሶል አንፃር ያ ማሽን ደካማ ነበር። ግን ታሪኩ የሚካሄደው ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ሠሪዎቹ የሰፈሩን ፀጉር ቤት ሳያዩ ማለፍ አልቻሉም። ሲጄ የወሮበላ ቡድን አባል መሆኑ ሌላ ሐዘን ነው፤ ጥቁር ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ እንዲሆን መሣሪያ መያዝና ከፖሊስ መሸሽ ነበረበት። ከዚያ በፊትም ቢሆን የተሰጠን ቦታ ጠባብ ነበር። በ1991ዱ የድብድብ ጌም ስትሪት ፋይተር 2 ውስጥ ጥቁሩ ቦክሰኛ ነው። በ1997 በሌላው የድብድብ ጌም በቴከን 3 የመጣው ኤዲ ጎርዶ ብራዚላዊ ነው፤ ካፖይራ የሚባለውን ጭፈራ የሚመስል የብራዚል ትግል ይጫወታል፣ ፀጉሩ ድሬድ ነው፤ ልጆች የትኛውንም ቁልፍ ቢነካኩ እግሩ ስለሚዞርላቸው እስከ ዛሬ ይወዱታል። በዚያው ዓመት ስትሪት ፋይተር 3 ኤሌና የምትባል ኬንያዊት አመጣ። ነጭ ፀጉር ሰጥተዋት ልብሷን ግን ከሞላ ጎደል አስቀርተውባታል። ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ለብሳ የምትሄድ ሴት አይተው ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ወደ ፀጉሩ ልመለስ፤ ሰው ሁሉ እንዲረዳልኝ የምፈልገው እሱን ነው።

ጌም ውስጥ ፀጉር ባብዛኛው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ በቀጫጭን ጠፍጣፋ ቁራጮች ላይ የፀጉር ሥዕል ለጥፎ ራስ ላይ መደርደር ነው። ለሉጫ ፀጉር ይመቻል፤ ቁራጮቹ ወደ ታች ወርደው እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ከርዳዳ ፀጉር ግን ይቆማል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ የቁራጮቹ ጠፍጣፋነት ከጎን ያፈጣል። ሁለተኛው መንገድ ፀጉሩን ዘለላ በዘለላ መሥራት ነው። ሁሉንም ማስላት ስለሚከብድ ኮምፒውተሩ ጥቂት መሪ ዘለላዎችን ብቻ ያሰላና በመካከላቸው ያለውን ከእነሱ ገምቶ ይሞላል። ሉጫ ፀጉር ላይ ጎረቤታሞቹ ስለሚመሳሰሉ ግምቱ ይሠራል። የእኛ ፀጉር ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ዘለላዎች እንኳ በየፊናቸው ይጠመዘዛሉ፤ የሁለቱ መካከለኛ ተብሎ የሚሞላው ዘለላ ማንም ራስ ላይ የሌለ ነገር ይሆናል።

ለአሥርተ ዓመታት የፀጉር ስሌት የተጻፈው ባብዛኛው ለሉጫና ለዞማ ፀጉር ነው። ከየል ዩኒቨርሲቲው ቴዎዶር ኪምና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ከሚያስተምሩት ኤ. ኤም. ዳርክ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2023 እና በ2024 ባወጧቸው ጥናቶች ከርዳዳውን ፀጉር በራሱ ጠባይ አጠኑት። ያገኙትን አንዱን ነገር ላንሣ፦ ዘለላዎቹ ከሥራቸው፣ ቆዳው አጠገብ፣ የተበታተኑ ናቸው፤ እየራቁ ሲሄዱ ነው ተያይዘው አንድ ጥቅልል የሚሆኑት። ይህን አንብቤ ስጨርስ እናቴን «እማ፣ ከርዳዳ ፀጉር ከየት ጀምሮ ነው የሚጠቀለለው?» ብዬ ጠየቅኋት። እጇ የደንበኛ ፀጉር ውስጥ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «ከሥሩማ ብትን ነው ልጄ፤ ሲረዝም ነው ጓደኛውን የሚይዘው» አለችኝ። በደስታ ዘለልኩ። የእናቴ ጣት የሚያውቀው ነገር በሒሳብ ተጽፎ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ታዋቂ ጌም ላይ ያለችውን ሹሩባ የተሠራች ተዋጊ በስልኬ አሳየኋት። በጣቷ አጉልታ አየችና «ይቺን ማን ሠራት? መስመሩ የታለ?» አለች። እውነቷን ነው። እናቴ ስትሠራ በሚዶው ጫፍ መስመር ታወጣለች፤ ሦስት ዘለላ ይዛ በየዙሩ ከቆዳው ጥቂት ፀጉር እያነሣች ትጨምርበታለች፤ ጉንጉኑ መሐል አናት ላይ ይወፍርና ማጅራት ላይ ይቀጥናል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቆዳ በቅባቱ ያብረቀርቃል። ጆሮ ግንድ አካባቢ አልያዝ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ያመልጣሉ። ስልኬ ላይ ያለችው ተዋጊ ራስ ግን ኳስ ላይ በእስኪርቢቶ እንደተሠመረ ነው፤ ሁሉም ጉንጉን እኩል፣ ሁሉም ልሙጥ። የጋሻዋ ዝገት ሳይቀር በየነጥቡ ተሥሏል። ጊዜና ገንዘብ የት እንደዋለ ያኔ ይታያል።

ቆዳውም ቢሆን ማጥቆር ብቻ አይበቃውም። ብርሃን ነጭ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ተሰራጭቶ ቀላ ብሎ ይወጣል፤ የስሪዲ ሰዎች ይህን ለማስመሰል ብዙ ደክመዋል፣ ሰው የሚያስመስለው እሱ ነው እስከማለት ደርሰዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ይበልጥ የሚታየው ከላይ የሚያርፈው ወዝ ነው። ቴዎዶር ኪም በ2020 ይህንኑ አድልዎ አንሥተው ጽፈዋል። ለነጭ ፊት የተስተካከለውን ብርሃን ጠይም ፊት ላይ እንዳለ ሲያበሩት ፊቱ አመድ ይነፋበታል። የጠዋት ፀሐይ ገበያው ላይ ሲያርፍ የሴቶቹን ጉንጭ ያየ ሰው ጠይም ቆዳ ስንት ዓይነት ብርሃን እንደሚይዝ ያውቃል። ቀለሙም ቢሆን ገና በቅርቡ ነው የበዛው፦ በ2014 የወጣው፣ ተጫዋቹ ሰው ፈጥሮ የሚያኖርበት ዘ ሲምስ 4 ከ100 በላይ አዳዲስ የቆዳ ቀለሞችን የጨመረው በ2020 መጨረሻ ነው፤ ሰዎች ለዓመታት ከጠየቁ በኋላ።

«ጥቁር በግድ እያስገቡ ነው» የሚሉም አሉ። በ2025 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ የተባለው ጌም ውስጥ ስላለው ጥቁር ተዋጊ ያሱኬ ወንድሜ ቤት ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ አይተው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ያሱኬ የፈጠራ ሰው አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ገብቶ ኦዳ ኖቡናጋ የሚባለውን መስፍን ያገለገለ አፍሪካዊ ነው። የኖረን ሰው ማስገባት ግድ የሚመስለው መጀመሪያውኑ አለመኖሩ ለለመደ ዓይን ነው።

ኢትዮጵያ ትልልቅ ጌም ውስጥ አልገባችም አልልም። አገር የሚገነባበት ጌም የሲቪላይዜሽን 5 ማስፋፊያ (ተጨማሪ ክፍል) በ2012 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ ሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን መሪ አድርገው አስገብተዋል፤ ሁለቱም በአማርኛ ይናገራሉ። ውጫሌ እኮ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሐይቅን አልፎ በወልድያ መንገድ ነው። የ1889ኙን ውል የፈረመው ንጉሥ ስክሪን ላይ በቋንቋዬ ሲያናግረኝ ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። ነገር ግን ንጉሥና ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነን እንዳንቀር እፈራለሁ። ሻሿን አንገቷ ላይ ጥላ ከኮምቦልቻ ታክሲ የምትወርድ ልጅም ጀብዱ ይገባታል።

ራሳቸው የሠሩ አሉ። የካሜሩኑ ኪሮ ጌምስ በ2016 ኦሪዮን የተባለውን ጌም አወጣ። አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ ላይ የግብፃዊው ባየክ ድምፅ የነበረው አቡበከር ሳሊም የራሱን ስቱዲዮ አቋቁሞ በ2024 ቴልስ ኦፍ ኬንዜራ፦ ዛው የተባለውን ጌም ይዞ መጣ፤ የአባቱን ሞት ሐዘን በባንቱ ተረቶች ውስጥ ያሳለፈበት ሥራ ነው። ኤ. ኤም. ዳርክም ማንም በነፃ የሚወስደው የአፍሮ ፀጉር የስሪዲ ስብስብ ጀምረዋል።

እኔ አሁን የእናቴን ሹሩባ እየሠራሁ ነው። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ «እዚህ ጋ አጥብቂው፣ እዚህ ጋ ልቀቂው» ትለኛለች። ቀጥሎ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚመጡትን የአፋር ወጣቶች ፀጉር መሥራት እፈልጋለሁ፤ እያንዳንዱ ጥቅልል በቅቤ ተለይቶ የሚቆምበትን። ፋይሎቹን እንዳለቁ እዚሁ በነፃ እለቃቸዋለሁ።

ፎቶ ያስፈልገኛል። የእናታችሁን አልባሶ፣ የእህታችሁን ሹሩባ፣ የወንድማችሁን ጎፈሬ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ላኩልኝ። በቀን ብርሃን፣ ከፊት፣ ከማጅራት፣ ከሁለቱም ጎን፣ አንዱን ደግሞ ቆማችሁ ከአናት በላይ ሆናችሁ አንሡት። ቅባት የሚቀባ ከሆነ ሳይቀባም ተቀብቶም ይነሣ፤ ብርሃኑን የማስተካክለው በሁለቱ ልዩነት ነው። ፊልተር አትጠቀሙ።