ሦስት ውሻ፣ ሦስት ጆንያ

ትናንት ማታ ሦስቱ ውሾቼ ምግባቸው ፊታቸው ተቀምጦ፣ ስማቸው እስኪጠራ ድረስ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ማንም አላጉረመረመም። ማንም የማንንም ሳህን አልነካም። ይህን ለማየት 9 ወር ፈጅቶብኛል። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። እግረ መንገዴንም ያጠፋሁትን ልናገር፤ ከአንድ በላይ ውሻ ያላችሁ ሰዎች ጥፋቴን እንዳትደግሙት።

ዳማ 9 ዓመቷ ነው። ከእናቴ ቤት ስወጣ አብራኝ የመጣች፣ የግቢው እመቤት ናት። ጃክ 4 ዓመቱ ነው፤ ትልቅ፣ የዋህ፣ ትንሽ ፈሪ። ቡቺን ባለፈው ነሐሴ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ ሰፈራችን ካለ የግንባታ ቦታ አጥር ሥር ነው ያገኘሁት። የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። እሱ እስኪመጣ ድረስ የምግብ ሰዓት ችግር አልነበረብንም። ዳማ ጓሮ ትበላለች፣ ጃክ በር ላይ ይበላል፣ አለቀ። ቡቺ ግን ረሃብን ያውቃል። የራሱን ሳያላምጥ ውጦ በቀጥታ ወደ ዳማ ሳህን ይሮጣል።

የመጀመሪያውን ትምህርት በአጭሩ ልለፈው። «ቁጭ በል»ን በ4 ቀን ያዙት። የተቀቀለ ሳምባ ቁራጭ ከአፍንጫው በላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ስትወስዱት ጭንቅላቱ ቀና ይላል፣ ወገቡ በራሱ ጊዜ ይቀመጣል። «ቆይ» ደግሞ ከ1 ሰከንድ ይጀምራል። ሳህኑን ዝቅ ታደርጋላችሁ። እሱ ከተነሳ ሳህኑም ይነሳል፤ ከተቀመጠ ሳህኑ ይወርዳል። ቁጣ አያስፈልግም። ብቻ «ቆይ» አንዴ ይባላል። እኔ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» እያልኩ አስለምጄው ጃክ ሦስተኛዋን «ቆይ» ሲሰማ መብላት ጀመረ። ያንን ለማስተካከል 2 ሳምንት ሄደብኝ።

ቋንቋችንም የራሱ ጣጣ አለው። ለዳማ «ብይ» ነው የምለው፣ ለወንዶቹ «ብላ»። ዳማ «ብላ» ስል ጆሮዋንም አታነሳም። ጃክና ቡቺ ግን አንዱን ስጠራ ሁለቱም ብድግ ይላሉ። ስለዚህ ስም ይቀድማል፦ «ጃክ፣ ብላ።» ከዚያ ትንሽ ዝም እላለሁ። ከዚያ «ቡቺ፣ ብላ።» ስሙ ያልተጠራው ውሻ ሳይነሳ ከጠበቀ አንድ ቁራጭ ሳምባ በአፉ ይገባለታል። የመጠበቅ ዋጋው ያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ቡቺ ወደ ሳህኗ ሲጠጋ ዳማ ታጉረመርማለች። ጥርሷን ታሳያለች። እኔ ይህን ብልግና ነው ብዬ ወሰድኩት። በነጠላ ጫማ አፍንጫዋን መታኋት። አንዴ አይደለም፤ ለሳምንታት እንዲያ አደረግኩ። ያደግኩበት ቤት ውሻ የሚቀጣው እንደዚያ ነበር። የግቢያችን ዘበኛም «ውሻ ካልፈራ አይገራም» አሉኝ፣ ልክ መሰለኝ። ደግሞም የሠራ መሰለኝ፤ ዳማ ማጉረምረሟን ተወች። ዝም ብላ መብላት ጀመረች። እናቴ ጋ ደውዬ «ዳማን ሥርዓት አስያዝኳት» ብያታለሁ።

በጥቅምት አንድ ቀን ቡቺ ሲጠጋት አየሁና ሳህኗን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ድምፅ ሳታሰማ ነከሰችኝ። ማጉረምረም የለ፣ ጥርስ ማሳየት የለ። በቀጥታ እጄን። 9 ዓመት ሙሉ ነክሳኝ አታውቅም።

ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጠብኩት። ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ፤ ውሻው የራሳችሁ ቢሆንም፣ የተከተበ ቢሆንም፣ መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ የተሟላ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የበሽታው ምልክት ይታይባት እንደሆነ 10 ቀን አስረን እንድንከታተላት ተነገረን፣ እኔም ክትባት ጀመርኩ። በእነዚያ 10 ቀናት እሷ ታስራ፣ እኔ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳስብ ነው የገባኝ። ማጉረምረም የዳማ «ተው» ነበር። እሱን ስትል መታኋት። «ተው» ማለት ካስመታት ምን ቀራት? መንከስ ብቻ።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ የሚያጉረመርም ውሻን አትምቱ። ማጉረምረሙ ወሬ ነጋሪያችሁ ነው። ስትሰሙት ሌላውን ውሻ አርቁ፣ ራሳችሁም ራቁ፣ ከዚያ ለምን እንደፈራ አስቡ።

«አለቃው አንቺ መሆንሽን አሳዪው» የሚለውን ምክርም ከዚህ ወዲህ አልቀበልም። ሐሳቡ በአብዛኛው የመጣው ከተኩላ ጥናት ነው። የእንስሳት ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 እ.ኤ.አ. ተኩላዎች ለአለቅነት ይታገላሉ ብሎ የጻፈው በአጥር ውስጥ የተያዙትን አይቶ ነበር። የአለቃን ነገር ካስፋፉት አንዱ የሆነው የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች ራሱ በ1999 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን አርሞ ጽፏል፤ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ ነው። የተኩላ ዘመድ የሆነው የእኛው የባሌ ቀይ ቀበሮ ደግሞ የበለጠ ያስተማረኝ ነው። በቤተሰብ ይኖራል፣ ድንበሩን በጋራ ይጠብቃል፣ አይጥና ፍልፈል ፍለጋ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ውሾቼን አራርቄ ማብላት እንደ ሽንፈት አይሰማኝም። አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይጫወታሉ። አፍ ለአፍ ገጥመው እንዲበሉ ማን አስገደደን?

መፍትሔዬ ጆንያ ሆነ። ሦስት ባዶ የጤፍ ጆንያ፣ ለእያንዳንዱ አንድ። የዳማን ጓሮ ጥግ ላይ አነጠፍኩት። ከኋላዋ ግድግዳ አለ፣ ማንም ከጀርባዋ አያልፍም። የጃክ በር አጠገብ ነው። ቡቺን ደግሞ ከሮቶው ብረት ጋር በገመድ አስሬ ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት። ሲጀመር በዳማና በቡቺ መካከል 8 ሜትር ነበር። በየ4 ወይም 5 ቀኑ አንድ እርምጃ አቀርባለሁ። ዳማ ከከበዳት ሁለት እርምጃ እመለሳለሁ። ዛሬ 2 ሜትር ተኩል ላይ ነን። ከዚህ በላይ አላቀርባቸውም፤ አያስፈልግም።

ከማጉረምረም በፊት የሚመጣውን ማየት ተማሩ። ዳማ መጀመሪያ አበላሏ ይፈጥናል። ቀጥሎ ማላመጧን አቁማ ሳህኑ ላይ እንዳጎነበሰች ትደርቃለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ታዞራለች፣ ነጩ ይታያል። ያኔ ዘግይታችኋል፣ ግን ገና ጨርሶ አልረፈደም።

በእኔና በእሷ መካከል የነበረውን ለመጠገን ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ስትበላ በ3 ሜትር ርቀት አልፋለሁ። ሳልቆም አንድ ሳምባ ጣል አደርግላትና እሄዳለሁ። በቃ። ሳህኗን አልነካም። በሦስተኛው ሳምንት ስመጣ ቀና ብላ ጅራቷን ቆላች። አለቀስኩ። ቡችላ ሲበላ ሳህኑ ውስጥ እጅ እየከተቱ «ማስለመድ» የሚሉትን ነገር የሚምሉበት ሰዎች አሉ። እኔ ተዉት ነው የምለው። ሰው ሲጠጋ ምግብ የሚጨመር እንጂ የሚወሰድ እንዳልሆነ ይወቅ።

ጆንያውን የወደድኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የራሳቸውን ጠረን ይይዛል። ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ እናቴ ቤት ስንከርም ሦስቱንም ይዤ ሄጄ በመጀመሪያው ምሽት በሰላም በሉ። አሁን «ቦታ» ስል ሳህን ሳያዩ ሦስቱም ወደየጆንያቸው ይሄዳሉ። አንዴ ግን ሁሉንም ሽታ ባለው ዱቄት ሳሙና አጥቤ፣ ሳነጥፋቸው ቀያየርኳቸው። ጃክ የዳማ ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ደረቀች፣ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስን። አሁን በውኃ ብቻ ነው የማጥባቸው፣ በየተራ፣ ጫፋቸው ላይም የተለያየ ቀለም ጨርቅ ሰፍቼባቸዋለሁ።

ቡቺ የሚውጥበትን ፍጥነት ድንጋይ ፈታው። ከአፉ የሚበልጥ፣ ለስላሳ፣ በደንብ የታጠበ ድንጋይ ሳህኑ መሀል ይቀመጣል፣ ምግቡ ዙሪያውን ይሆናል። በ40 ሰከንድ ይጨርስ የነበረው አሁን 3 ደቂቃ ይወስድበታል። ያን ያህል ጊዜ ዳማ በሰላም ትበላለች። ማስመለሱም ቆመ።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ሩዝ፣ ሳምባ፣ ካሮት። የወጥ ፍርፋሪ የለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ሁዳዴ ግን ፈተነኝ። ሰፈራችን ያለው ልኳንዳ ተዘጋ፣ ፍሪዘር ያስቀመጥኩት ሳምባ በአራተኛው ሳምንት አለቀ። ጃክ ለካሮትም ይታዘዛል። ዳማ ካሮቱን አሽትታ ትታው ሄደች። እስከ ፋሲካ ልምምዷን ማቆም ነበረብኝ። ለከርሞ ቀደም ብዬ ብዙ አስቀምጣለሁ።

ፋሲካ ደግሞ የራሱን ይዞ መጣ። እንግዶች ከጠረጴዛ ላይ አጥንት ወረወሩ። ዳማና ጃክ ተያያዙ፣ የጃክ ጆሮ ደማ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ውሾቹን መዝጋት ነበረብኝ። የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ ጨርሶ አይሰጥም።

ዘበኛችንን ለማሳመን ጊዜ ወስዷል። ጋሼ በእኔ ፋንታ ሲያበሉ ሁሉንም በአንድ ድስት ያቀርቡላቸው ነበር። ተከራከርኩ፣ አልተሳካም። በኋላ ግን አጠገቤ ቆመው ለአንድ ወር አዩ። አሁን «ዳማ፣ ብይ» የሚለው ድምፅ ከእኔ ይልቅ በእሳቸው ያምራል፤ ዳማም ለእሳቸው ቶሎ ትሰማለች።

የቀረኝ አጥንት ነው። ጥሬ አጥንት የምሰጠው እያንዳንዱን በር ዘግቼበት ነው፦ ዳማ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ጃክ መኪና ማቆሚያው፣ ቡቺ ጓሮ። ከ20 ደቂቃ በኋላ በሳምባ ልለውጣቸው እሞክራለሁ። ቡቺ ወዲያው ይሰጠኛል። ጃክ ያመነታና ይሰጠኛል። ዳማ ጀርባዋን ታዞርብኛለች፣ እኔም ትቻት እወጣለሁ። ስለዚህ ብዙም ከማትወደው ነገር ጀምሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ደረቅ ዳቦ ከአፏ ጥላ ሳምባ ተቀበለችኝ። ነገ የተቀቀለ ድንች እሞክራለሁ።