ደሴ ላይ ሩዝና አሳ በአንድ መጥበሻ፦ የፓኬቱን ደቂቃ ያመንኩ ማታ

እኔና የቤት ጓደኛዬ ደሴ ሆጤ አካባቢ አንድ ቤት ተከራይተን ስንኖር ሦስተኛ ዓመታችን ነው፣ እኔ ክርስቲያን እሱ ሙስሊም። ለወሎ ልጅ ይሄ ወሬም አይደለም፣ ግን ማታ ከስራ ገብተህ ምን እንብላ ሲባል አንድ ነገር አለ፣ ስጋ። የሱን እኔ አልበላም የኔን እሱ አይበላም፣ ስለዚህ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ምስር፣ እሮብ ያው ሽሮ። ከዛ አሳ ትዝ አለን። አሳን ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅ፣ ሁለታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ሐይቅ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። (በፆም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን እኔን አትጠይቁኝ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።)

አሳው ቆሮሶ ነው፣ ግማሽ ኪሎ አጥንቱ የወጣለት ለሁለት ሰው ይበቃል ይተርፋልም። ስትገዙ ሻጩ "የዛሬ ነው" ሲል አትስሙት፣ ሁሉም የዛሬ ነው የሚለው። አይኑ ካልጠራ፣ በጆሮው በኩል ስትከፍቱት ቀይ ካልሆነ ጥላችሁ ሂዱ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ሁሉም ቤት አለ። ሩዙ ረጅሙ ይሁን፣ የፎገራው ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ሲደባለቅ አሪፍ ነው ለዚህ ግን ይጣበቃል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የመጀመሪያ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ነው የተነሳሁት፣ ሴትዮዋ ሁሉንም ነገር አንድ መጥበሻ ውስጥ ከታ ከድና 15 ደቂቃ ቆይታ ስትከፍተው ጭሱ ራሱ ያስጎመጃል። የሩዙ ፓኬት ላይም ያው፣ አንድ ብርጭቆ ሩዝ በሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ 15 ደቂቃ። ሁለት ምስክር ካለኝ ምን እጠራጠራለሁ። የዛን ቀን ደግሞ የጓደኛዬ እናት ከተሁለደሬ መጥተው ነበር፣ ማለትም ሐይቅ ካለበት ወረዳ፣ አሳ እያዩ ያደጉ ሰው፣ እኔ ደግሞ ላስደምማቸው ብዬ "እማ ዛሬ እርስዎ ቁጭ ይበሉ እኔ ነኝ የምሰራው" አልኩ። ምን አለ አፌን በያዝኩ።

15 ደቂቃ ሲሞላ ከፈትኩት። ውሃው አልቋል፣ ሩዙ ግን ጥርስ ላይ ጠጠር ነው። ደንግጬ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩበት፣ መፍላቱን አቆመ። እሳቱን ጨመርኩ። ከፍቼ አየሁ። ከደንኩ። እንደገና ከፈትኩ፣ በዛች ግማሽ ሰዓት ስድስት ጊዜ ሳልከፍተው አልቀረሁም፣ ከዛ ከስሩ እየያዘ ነው ብዬ በማንኪያ አማሰልኩት። ይሄኔ አሳው ሩዙን ጠብቆ ሲያበቃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆኖታል፣ ቆሮሶ እኮ አስር ደቂቃ የሚፈልግ ነገር ነው፣ ብትንትኑ ወጣ፣ የቀረችው ቀጫጭን አጥንት ሁሉ ሩዝ ውስጥ ገባች። ከላይ ገንፎ፣ ከመሀል ጠጠር፣ ከስር ያረረ። በአንድ መጥበሻ ሦስት ምግብ ሰራሁ ማለት ነው።

እማ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ትንሽ አኘኩ። ጓደኛዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዛ እማ በጣም በትህትና፦ "አብሽር ልጄ፣ አሳው ደርሷል፣ ሩዙ ነው ገና ማሳ ላይ ያለው።"

ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ስራ ቦታ ሳይቀር ማሳ እያለ ነው የሚጠራኝ።

እኔ ሩዙን ተሳደብኩ፣ ባለሱቁን ተሳደብኩ፣ ምድጃውን ተሳደብኩ። ይባስ ብሎ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ያንኑ ሩዝ ያንኑ ልክ ሰርታ "ምንም አልሆነም እኮ፣ ትንሽ ቆየት አልኩበት እንጂ" አለችኝ። እማ ናቸው የነገሩኝ፣ "ደሴ ውሃው ቶሎ ይፈላል እንጂ አያበስልም" ብለው። እኔ የሽማግሌ ወሬ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው፣ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ወስጃለሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ እኛ ጋ የሚንተከተከው ውሃ 91 ወይ 92 ዲግሪ ነው። ኮምቦልቻ ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ለዛ ነው እህቴ የምትኮራብኝ። እሳት ብትጨምር ውሃው ተኖ ያልቃል እንጂ ከዛ በላይ አይሞቅም። ፓኬቱ ላይ ያለው 15 ደቂቃ ለኛ የተፃፈ አይደለም፣ እኔ ግን አምኜው እንግዳ ፊት ተዋረድኩ።

አሁን እንዲህ ነው የምሰራው። ከስራ እንደገባሁ ሩዙን አጥቤ ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፣ ፓኬቱ አያስፈልግም ይላል፣ ያስፈልጋል። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ ቅመሙንና ቲማቲሙን ጨምሬ ሩዙን አገላብጥበትና ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ተኩል ብርጭቆ የፈላ ውሃ፣ የፈላ ነው ያልኩት። እሳቱን ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም፣ 20 ደቂቃ። አሳው እዚህ ድረስ የለበትም፣ በጨውና በሎሚ ታሽቶ ለብቻው ቁጭ ብሏል፣ ሎሚውም ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይበት አለዚያ ይደርቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቼ አሳውን ከላይ እደረድራለሁ፣ በቃሪያ አለብሰዋለሁ፣ አስር ደቂቃ፣ ከዛ አውርጄ ሳልከፍት ሌላ አስር። ማማሰል የሚባል ነገር የለም። ክዳኑ የሚያፈናፍን ከሆነ ንፁህ ፎጣ ጠቅልሉበት፣ ጫፉ ብቻ እሳት እንዳይነካ።

መብራት ከሄደ ያው ከሰል ነው፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁት እንጂ እንደተቀጣጠለ ከጣዳችሁ ከስር ያርራል።

እማ አሁንም ሲመጡ ይሄንኑ ነው ስራልኝ የሚሉኝ። ችግሩ አሁንም አላመኑኝም፣ ገና አስር ደቂቃ ሳይሞላ ብድግ ብለው ክዳኑን ከፍተው ያያሉ፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን "አይክፈቱት" የምልበት አፍ የለኝም።