ካርዱ ምን አጠፋ?

ፍላይት ሲሙሌተር የሚባለው አውሮፕላን የማብረር የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ቦሌ ማረፍ አቃተኝ። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ7,600 ጫማ ያልፋል፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያስቸገረኝ ኮምፒውተሬ ነው። ጎማው አስፋልቱን ሊነካ ሲል ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ሲነቃ አውሮፕላኑን ሳሩ ላይ አገኘዋለሁ።

የነበረኝ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ምስሉን የሚሠራው ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ካርድና 16 ጊጋ ራም ነው። ማይክሮሶፍት ጨዋታውን በ2020 ሲያወጣ ከመከረው ዕቃ አያንስም። መገናኛ አንድ ባለሱቅ ጋ ሄጄ ችግሬን ነገርኩት። ሰምቶ እንኳ ሳይጨርስ «ብሮ፣ ካርድ ነው» አለኝ። አመንኩትና አርቲኤክስ 3060 ገዛሁ። ማታ ስከፍተው ደመናው ቁጭ ብለህ እየው እየው ይላል። ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ግን ከ24 ወደ 26። ለሁለት ፍሬም ያን ሁሉ ብር!

መለካት የጀመርኩት እንግዲህ ኪሴ ከተራቆተ በኋላ ነው። ሬዞሉሽኑን፣ ማለትም የምስሉን ጥራት፣ ከ1440 ወደ 1080 አወረድኩት። ካርዱ ከብዶት ከነበረ ሥራው ሲቀልለት ፍሬሙ መጨመር ነበረበት። ንቅንቅ አላለም። ዴቨሎፐር ሞድ ውስጥ ገብቼ የፍሬም መቁጠሪያውን ሳወጣ በቀይ «ሊሚትድ ባይ ሜይን ትሬድ» ይላል፤ የሚያዘገየው የፕሮሰሰሩ ዋና ሥራ ነው ማለት ነው። ለካ አዲሱ ካርዴ እጁን አጣጥፎ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ አብዛኛውን ከባድ ሥራ አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ ሠራተኞች አንዱ) ላይ ነው የሚከምረው። ስድስት ኮር አለኝ ብዬ ስኩራራ አንዱ ሲሸከም ሌሎቹ ያዩት ነበር።

መጀመሪያ በነፃ የሚሆነውን ሞከርኩ። 3200 ተብሎ የተሸጠልኝ ራም ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራው ኤክስኤምፒ ስላልተከፈተ ሁለት ዓመት ሙሉ በ2400 ሲሠራ ኖሯል። አፈርኩ። ከዚያ የመልክዓ ምድሩን ዝርዝር ከ200 ወደ 100፣ የመኪናና የአውሮፕላኑን ትራፊክ ደግሞ በግማሽ ቀነስኩ። ራሙም አንድ ፍሬ ስለነበር ጥንዱን ገዝቼ ጨመርኩለት። 31 ደረሰ።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ። ማዘርቦርዴ የፕሮሰሰር መሰኪያው ኤኤም4 የሚባለው ስለሆነ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይቀበላል። የዚህ ፕሮሰሰር ኤል3 ካሽ (ውስጡ ያለው ፈጣን ማስታወሻ) 96 ሜጋ ነው፤ የእኔ አሮጌ 16 ነበር። ሲሙሌተር ደግሞ ካሽ ይወዳል። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ።

ግን መጀመሪያ ባዮሱ መታደስ አለበት፣ እሱም አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ አለቀለት። የእኔ ዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ አምስት ደቂቃ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ብዙም የማይጠፋበትን ሰዓት መርጬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ፍላሹን ሰክቼ መስመሩ ሲሞላ ትንፋሼን ይዤ አየሁ። 40 ላይ ቆመ። ቆየ። ቆየ። በስመ አብ ብዬ ሳላበቃ 41 አለ።

የአዲሱን ፕሮሰሰር ሳጥን ስከፍት ደግሞ ማቀዝቀዣ የለውም። ይሄኛው ያለ ማቀዝቀዣ ነው የሚሸጠው፣ የአሮጌው ትንሿ ፋን ደግሞ አትችለውም። ትልቅ ማቀዝቀዣ እስካገኝ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

አሁን ቦሌ ላይ ከ45 አይወርድም። 3060ውም ሥራ አግኝቷል። እኔ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ሳሩ ላይ ነኝ፤ የማሳብብበት ዕቃ አልቆብኛል።